ገዥዎቹ ጥለውት የሄዱት ቤተ መንግሥት፦ ከአቢጃን ወደ ግራን ባሳምና ቢንዠርቪል

ከጥምቀት ማግስት ባለው ሳምንት በሥራ ጉዳይ ወደ ኮትዲቯር ሄጄ ነበር። ስብሰባው ዓርብ የሚያልቅ፣ የመመለሻ በረራዬ ደግሞ ማክሰኞ ስለነበር፣ በመካከሉ ያገኘሁትን ጊዜ አገሪቱ ከአቢጃን በፊት የነበሯትን ሁለት የቅኝ ግዛት መናገሻዎች ለማየት ተጠቀምኩበት። ፈረንሳይኛ ስለማልችል፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣች የሥራ ባልደረባዬ አብራኝ ተጉዛለች፤ ከሰዎች ጋር የተለዋወጥነውን ቃል ሁሉ ያስተረጎመችልኝ እሷ ናት። ከዚህ በታች የጠቀስኳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐሙስና ዓርብ፣ አቢጃን

አቢጃን ስንደርስ ከፓስፖርቱ ቀድሞ የተጠየቅነው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነበር። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሠራተኛ የእያንዳንዱን መንገደኛ ካርድ ገልጣ ቀኑን ትመለከታለች፤ ካርዱን በሻንጣው ውስጥ አድርጎ ለጭነት ያስረከበ አንድ ወጣት ነጋዴም ከሰልፉ ተነጥሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በሽታው ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ወደ 30,000 የሚገመት ሰው ፈጅቷል። የግራን ባሳም ቤተ መንግሥት ተሠርቶ ሰባት ዓመት ሳይደፍን ባዶ የቀረውም በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው።

የአገሩ ገንዘብ የሴፋ ፍራንክ ይባላል። ከዩሮ ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ በመሆኑ 1 ዩሮ ዛሬም ነገም 656 ፍራንክ ግድም ነው። የብርን ምንዛሪ በየዕለቱ ለሚከታተል የአዲስ አበባ ሰው ይህ የሚያስቀና ጸጥታ ይመስላል፤ ያገኘኋቸው የአገሩ ተወላጆች ግን ገንዘባቸው በፈረንሳይ ዘመን ገመድ እንደታሰረ ቀርቷል እያሉ እርስ በርስ አጥብቀው ሲከራከሩበት ሰምቻለሁ።

ስለ አቢጃን ብዙ አልጽፍም። ኤብሪዬ የሚባለው ላጉን፣ ማለትም ከውቅያኖሱ በቀጭን የአሸዋ መሬት የተለየ ሰፊ ሐይቅ፣ ከተማዋን ለሁለት ከፍሏታል፤ በሰሜን በኩል ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች የተተከሉበት ፕላቶ፣ በደቡብ በኩል ገበያው የደመቀው ትሬሽቪል አለ፤ ድልድዮቹ ደግሞ ጠዋትና ማታ በመኪና ይታፈናሉ። በጥር ወር ከሰሐራ የሚነፍሰው ሐርማታን የተባለው ደረቅ ነፋስ ሰማዩን በአቧራ ሸፍኖት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከትሬሽቪል ወደ ግራን ባሳም

ግራን ባሳም ከአቢጃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ2015 የተመረቀ ሰፊ ፈጣን መንገድ አለ፤ እኛ ግን ከትሬሽቪል ግባካ በሚባለው ሚኒባስ ተሳፍረን በባሕሩ ዳርቻ በሚሄደው በአሮጌው መንገድ ተጓዝን። ዋጋው በሰው 800 ፍራንክ ነበር። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ የመዳረሻውን ስም እየጠራ ሰው ይሰበስባል፤ መኪናው ሳይሞላ አይነሣም፤ ከሞላ በኋላም ለአንድ ተጨማሪ ሰው የሚታጠፍ ወንበር አይጠፋም። ይህን ሁሉ ከመገናኛና ከመርካቶ ስለማውቀው አልተቸገርኩም።

አውሮፕላን ማረፊያው ካለበት ከፖር ቡዌ ትንሽ እንዳለፍን የኋላ ጎማው ፈነዳ። ስኮርታ ጎማ ነበር፤ ክሪክ ግን አልነበረም። ሾፌሩ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እያስቆመ ክሪክ ሲለምን፣ እኛ ተሳፋሪዎቹ ከመንገዱ ዳር ባለ የኮኮናት ጥላ ሥር ተቀመጥን። አንዲት በትልቅ ሳፋ ዓሣ የያዙ እናት በረዶው ሊቀልጥባቸው ስለሆነ ከሁላችንም ይልቅ ተጨንቀው ነበር፤ ባልደረባዬ በአገሩ ወግ «ታንቲ» እያለች ታጽናናቸዋለች፤ እኛ ዘንድ «እትዬ» እንደምንለው ነው። በመጨረሻም የብሎኬት ጭነት የያዘ መኪና ቆሞ ክሪክ አዋሰን። ከአንድ ሰዓት በላይ በዚያ ስንቆይ ገንዘቡ ይመለስልኝ ያለ ማንም አልነበረም።

ወደ ከተማዋ መግቢያ ላይ በመንገዱ ግራና ቀኝ የእንጨት ጭምብል፣ የራታን ወንበርና ጥልፍ የሚሸጡ የእደ ጥበብ ሱቆች ተደርድረዋል። እነሱ ሲያልቁ አዲሱ ከተማ ይጀምራል፤ ከአዲሱ ከተማ ደግሞ ኡላዲን በሚባል ጠባብ ሐይቅ ላይ የተሠራውን ድልድይ ተሻግሮ ካርቲዬ ፍራንስ ወደሚባለው አሮጌ ሰፈር ይገባል። ሰፈሩ ያለበት መሬት በአንድ በኩል ሐይቁ፣ በሌላው በኩል አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነካው የአሸዋ ምላስ ነው፤ ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው በእግር ለመሻገር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የገዥው ቤተ መንግሥት

ፈረንሳዮች በግራን ባሳም ምሽግ የሠሩት በ1843 ነው፤ ለረጅም ጊዜም ከባሕሩ ዳርቻ ብዙ ሳይርቁ ከነጋዴዎች ጋር የዘንባባ ዘይት ሲሸጡና ሲገዙ ኖረዋል። ከ1887 እስከ 1889 ከኒጀር ወንዝ ተነሥቶ በኮንግ በኩል አቋርጦ እስከዚህ የባሕር ዳርቻ የዘለቀው መኮንን ልዊ ጉስታቭ ቢንዤ፣ በ1893 ኮትዲቯር ራሷን የቻለች ቅኝ ግዛት ተብላ ስትታወጅ የመጀመሪያው ገዥ ሆኖ ተሾመ። ግራን ባሳም መናገሻ ሆነች፤ ቤተ መንግሥቱም በዚያው ዓመት ቆመ።

«ቆመ» ያልኩት «ተገነባ» ከማለት ይሻላል ብዬ ነው። የሕንፃው የብረት አጽም ፈረንሳይ ውስጥ ተዘጋጅቶና ተፈታትቶ በመርከብ የመጣ ነው። በዚያን ጊዜ በባሳም የመርከብ መቆሚያ አልነበረም፤ ወደ ባሕሩ ዘልቆ የሚገባው የብረት ማራገፊያ የተሠራው በ1901 ነው። ከዚያ በፊት መርከቦች ሞገዱ ከሚሰበርበት መስመር ውጪ በሩቁ መልሕቅ ይጥላሉ፤ ዕቃውንም ሰውንም ልምድ ያላቸው አፍሪካውያን ቀዛፊዎች በጀልባ ሞገዱን ሰንጥቀው ወደ አሸዋው ያወጣሉ። የቅኝ ገዥው ቤት ምሰሶዎችም በዚሁ መንገድ ነው የወጡት። ከሰዓት በኋላ በዳርቻው ቆሜ ያን ሞገድ ሳይ፣ አንድ የብረት ተሸካሚ ይዞ በእንጨት ጀልባ እርሱን ለማለፍ የሚደፍር ሰው ከገዥው ይልቅ ሐውልት የሚገባው መሰለኝ።

መግቢያው ለውጭ አገር ሰው 2,000 ፍራንክ ነበር። የያዝኩት የ10,000 ፍራንክ ኖት ስለነበር ዝርዝር ጠፋ፤ ከበሩ ውጪ ኮኮናት የሚሸጥ ልጅ ኖቱን ይዞ ሮጦ ሄዶ ዘርዝሮ መለሰልን። ለውለታው ሁለት ኮኮናት በ500 ፍራንክ ገዛነው።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ሲሆን ዙሪያውን በሰፊ ሰገነት የተከበበ ነው። ሰገነቱ ለጌጥ አልተሠራም፤ ግድግዳው ላይ ፀሐይ በቀጥታ እንዳያርፍና በዝናብ ወራት መስኮት ከፍቶ መቀመጥ እንዲቻል ነው። ከውቅያኖሱ የሚመጣው ነፋስ በፊት ለፊቱ ገብቶ በሐይቁ በኩል እንዲወጣ በሮችና መስኮቶች ትይዩ ሆነው ተከፍተዋል። ላይኛው ፎቅ ላይ ስንወጣ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆመ፤ ይሁንና ክፍሎቹ ሲታፈኑ አልተሰማንም። የዛሬዎቹ የአቢጃን የመስታወት ሕንፃዎች መብራት ቢጠፋባቸው አንድ ሰዓትም የሚያስቀምጡ አይመስለኝም።

ግን ቤተ መንግሥት ሲባል የጠበቅኩት ሌላ ነገር ነበር። ግርማው ያነሰ፣ ስፋቱም አንድ የአገራችን ባለ ሀብት ዛሬ ከሚሠራው መኖሪያ ብዙ የማይበልጥ ቤት ነው። መሬቱን ቆፍሮ ሥር የሰደደ ነገር የለውም፤ ብሎኑ ቢፈታ ተመልሶ መርከብ ላይ የሚጫን ይመስላል። በእኔ ግምት ፈረንሳዮች ያን ጊዜ በዚህ አገር ላይ የነበራቸውን ይዞታ ከማንኛውም ሰነድ የበለጠ ይህ ቤት በትክክል ይናገራል። ቢንዤ በካርታ ላይ እስከ ሰሜኑ ሣር ምድር የሚዘልቅ ግዛት ነበረው፤ በተግባር ግን በሰሜን የምዕራብ አፍሪካው የጦር መሪ ሳሞሪ ቱሬ እስከ 1898 ድረስ እየተዋጋቸው ነበር፤ የደኑ ሕዝቦችም ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አልገበሩም። በዚሁ ቤት አገልግሎት ዘመን፣ በ1896፣ ከዚህ በጣም ርቆ ዐድዋ ላይ የሆነውን ለአንባቢዬ ማስታወስ አያስፈልገኝም።

ዛሬ ሕንፃው ብሔራዊ የአልባሳት ሙዚየም ነው። የሴኑፎ አዳኞች በጭቃ ቀለም የተሣለ የጥጥ ልብስ፣ የአካን ሹማምንት በትከሻ ላይ የሚጣል ሰፊ ጋቢ መሳይ ጨርቅ፣ የራፊያ ቀሚስ፣ ከዛፍ ቅርፊት ተቀጥቅጦ የተሠራ ልብስ፣ ጌጣጌጥ፣ እንዲሁም የየብሔረሰቡን ቤት የሚያሳዩ ትንንሽ ሞዴሎች አሉ። አስጎብኚያችን ረጅም ጊዜ የወሰዱት በጨርቆቹ ላይ ነው፤ የትኛው ለቀብር፣ የትኛው ለሹመት እንደሚለበስ በዝርዝር አስረዱን። ስለ ገዥዎቹ ስጠይቃቸው ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን በአዲስ አበባ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት፣ የዛሬውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም፣ የሚጎበኝ ሰው የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍልም የሕዝቡን የሕይወት ዑደትም በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚያይ አሰብኩ። እዚያ ንጉሡ የአገሩ ሰው ስለሆነ መኝታው ይጠበቃል። እዚህ ያደረው ሰው እንግዳ ነበር፤ አልጋውን የሚጠብቅለት አልተገኘም።

ወረርሽኙ የመጣው በ1899 ነው። በባሳም ይኖሩ ከነበሩት ጥቂት አውሮፓውያን ሦስት አራተኛ ያህሉ እንደሞቱ ይነገራል። ኩባዊው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት ብሎ በ1881 ቢናገርም የሚያምነው አጥቶ ነበር፤ ነገሩ በሙከራ የተረጋገጠው በ1900 እዚያው ኩባ ውስጥ ነው። ስለዚህ የባሳም ሹማምንት የሚያውቁት ቦታው እንደሚገድል ብቻ ነበር። የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅሙባቸው በርሜሎችና ገንዳዎች ትንኟን የሚያራቡ እንደሆኑ አያውቁም። በ1900 መናገሻውን ወደ ውስጥ፣ ከሐይቁ ማዶ ወዳለው ከፍተኛ ቦታ አዛወሩና ለአዲሷ ከተማ የቢንዤን ስም ሰጧት።

ቅዳሜ ማታ፣ ዳርቻው

ማደሪያ ያገኘነው ከአሮጌው ሰፈር ሳንወጣ፣ በ20,000 ፍራንክ በአንድ ክፍል፣ አጎበር በተሰቀለበት ንጹሕ ቤት ነው። ባለቤቷ ከሁሉ አስቀድማ የነገረችን ባሕሩ ውስጥ እንዳንገባ ነው፤ ሞገዱ ሲመለስ ሰውን ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ በየዓመቱም ሰው ይወስዳል።

እራት ጥብስ ዓሣ፣ አሎኮ የሚባለው የተጠበሰ ፕላንቴን ሙዝና አቲዬኬ ነበር፤ ለሁለታችን ከመጠጥ ጋር 7,500 ፍራንክ ከፈልን። አቲዬኬ ካሳቫ ተፈቅፍቆ፣ ተብላልቶ፣ ውኃው ተጨምቆ ከወጣ በኋላ በእንፋሎት የሚበስል ነው። በመፍላቱ የሚያገኘው ቀላል ኮምጣጣነት ቆጮን ያስታውሰኛል፤ ቅርጹ ግን እንደ ፍርፍር ተበታትኖ በእጅ የሚጠቀለል ነው። ከአዲስ አበባ ይዤው የሄድኩትን ሚጥሚጣ አወጣሁና ባለቤቷ ቀመሰች፤ በማግስቱ ቁርስ ላይ ትንሽ እንድተውላት ጠየቀችኝ።

መጋቢት 13 ቀን 2016 ታጣቂዎች በዚህ ዳርቻ ባሉ ሆቴሎች ላይ ጥቃት አድርሰው 19 ሰዎች ገድለዋል። ጥቃቱን አልቃኢዳ በእስላማዊ መግሪብ ፈጽሜዋለሁ ብሏል። ያን ቀን ማንም ሲያነሣው አልሰማንም፤ ወታደሮች ግን በዳርቻው ሲዘዋወሩ አይተናል።

እሑድ፣ ከቤተ መንግሥቱ ውጪ ያለችው ባሳም

የባሳም አሮጌ ሰፈር ከ2012 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከተመዘገበው አንዱ ክፍል የንዚማ ሕዝብ መንደር ነው፤ እኔም የጉዞዬን ዋና ነገር ያገኘሁት እዚያ ነው ብል አላጋነንኩም። መንደሩ ከፈረንሳዮቹ በፊት ነበረ፤ ወረርሽኙ ገዥዎቹን ሲያባርር አልሸሸም፤ ዛሬም በንጉሡ ሥር ይተዳደራል፤ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር አካባቢ አቢሳ የተባለውን የዓመት በዓሉን በከበሮ ያከብራል። የበዓሉ ሳምንት ማንኛውም ሰው ሹሙንም ጭምር በአደባባይ የሚወቅስበት ነው። ንዚማዎች በጋና በኩልም አሉ፤ በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት ቅጥር ግቢ ሐውልቱ የቆመለት ክዋሜ ንክሩማህ ከዚሁ ሕዝብ የተወለደ ነው። ይህን ስነግራቸው ቁጭ ብለው መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ወንበር አቀረቡልኝና ሐውልቱ ምን እንደለበሰ ጠየቁኝ። በልጅነቴ ከማውቀው የንክሩማህ ፎቶግራፍ ተነሥቼ ሳልገምት፣ በደንብ አላስተዋልኩም ብዬ መለስኩላቸው።

መናገሻነቱ ቢሄድም ንግዱ አልሄደም ነበር። ትላልቆቹ የነጋዴ ቤቶች፣ ከታች መጋዘን ከላይ መኖሪያ የሆኑት፣ ብዙዎቹ የተሠሩት ገዥው ከወጣ በኋላ ነው። ባሳምን በእርግጥ ያዳከማት ወረርሽኙ ሳይሆን ወደብ ነው፤ በ1931 ፖር ቡዌ ላይ ሌላ ማራገፊያ ተሠራ፤ በ1950 ደግሞ የቭሪዲ ቦይ ተቆፍሮ መርከቦች በቀጥታ ወደ አቢጃን ሐይቅ መግባት ጀመሩ። አሁን ከቀድሞው ፍርድ ቤትና ከባንኩ ግድግዳ ውስጥ ዛፍ በቅሎ ሥሩ መስኮቱን አቅፎታል፤ የፖስታና የጉምሩክ ሕንፃ ግን ታድሶ ቆሟል።

ከሰዓት በኋላ ወደ እስር ቤቱና ወደ ሴቶቹ መታሰቢያ ሄድን። በ1949 ኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው የፌሊክስ ኡፉዌት ቧኒ ፓርቲ መሪዎች በባሳም ታስረው ነበር፤ በታኅሣሥ ወር እስረኞቹ የረሃብ አድማ ሲመቱ ሴቶች ይፈቱልን ብለው ከአቢጃን ተነሡ። ወታደሮች መንገዱን ስለዘጉባቸው ብዙዎቹ በየአቅጣጫው ተበትነው በእግር መጡ፤ ታኅሣሥ 24 ቀን እስር ቤቱ ፊት ሲደርሱ በዱላ፣ በውኃና በአስለቃሽ ጢስ ተበተኑ። ከእነሱ መካከል የማሪ ኮሬ ስም ዛሬም ይጠራል። እኛ በመኪና ጎማ ፈንድቶብን የተማረርንበትን መንገድ ነው እነሱ በእግራቸው የሄዱት።

ሰኞ፣ ቢንዠርቪል

ቢንዠርቪል ከባሳም በአየር ቅርብ ናት፤ መሃላቸው ሐይቅ ስላለ ግን መንገዱ በአቢጃን በኩል ያዞራል። ታክሲ በ25,000 ፍራንክ ተዋውለን ሄድን፤ ዋጋው እስከ ማታ መጠበቅን ይጨምር አይጨምር በግልጽ አልተነጋገርንም።

እዚህ ያለው ቤተ መንግሥት የተሠራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን ከባሳሙ ጋር ዝምድና ያለው አይመስልም። ወፍራም ግንብ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ሐይቁን ከላይ ወደ ታች የሚያይ ኮረብታ ላይ ተደላድሏል። በባሳም ለመርከቧ ቅርብ መሆንን የመረጡ ሰዎች እዚህ ከውኃ መራቅን መርጠዋል፤ ግንቡም እንግዲህ አንነሣም የሚል ይመስላል። ተነሡ እንጂ፤ በ1934 መናገሻው ወደ አቢጃን ተዛወረ። አዲስ አበባን ከእንጦጦ ያወረዳት ብርድና ፍልውኃ እንደሆነ ለባልደረባዬ ስነግራት፣ የእናንተዎቹ ወደ ታች፣ የእነሱዎቹ ወደ ላይ ብላ ሳቀች።

ሕንፃው አሁን የወንዶች ልጆች ማሳደጊያ ነው። ዘበኛው ግቢውን እንድናይ ፈቀደልን፤ ልጆቹን ፎቶ ማንሳት ግን ክልክል መሆኑን አስቀድሞ ነገረን፤ ልክም ነው። ከትምህርት የተመለሱ ልጆች በግንቡ ጥግ ኳስ እየተጫወቱ ነበር፤ ኳሱ ሰገነቱ ላይ በወጣ ቁጥር ትንሹ ልጅ ደረጃውን ሮጦ ያመጣል። ከዚያ በቅኝ ግዛቱ ዘመን በተተከለው የዕፅዋት ማዕከል ትንሽ ተዘዋወርን፤ ከትላልቆቹ ዛፎች ሥር ተማሪዎች ደብተር ዘርግተው ያጠናሉ።

ስንመለስ ሾፌሩ ለጠበቀበት 6,000 ፍራንክ ጨምሩ አለ። እኔ ለመከራከር ስዘጋጅ ባልደረባዬ «ቶንቶን»፣ አጎቴ እንደማለት፣ ብላ ጀመረች፤ እንግዳ ይዛ እንደመጣች፣ የአገሩን ስም በፊቴ እንዳያስነሣ በለሰለሰ ድምፅ ነገረችው። በ3,000 ተስማማን፤ እሱም በመንገድ ላይ ቆሞ ከራሱ ኪስ የተቆላ ኦቾሎኒ ገዝቶ ለሁለታችን ሰጠን።